ገዳዩ አሽከሩ ይሁን

ፖሊሶቹ የመጡብኝ ገዳዩን ላጋልጥ አንድ ምዕራፍ ሲቀረኝ ነው። አዘዞ አጠገብ ባለችው ከተማችን፣ ፒያሳ፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ የወንጀል ልብ ወለድ እተረጉም ነበር። ቀጣሪ የለኝም፤ በግሌ ከጣሊያንኛም ከእንግሊዝኛም እየመለስሁ፣ የሌላውንም ሰው ረቂቅ እያረምሁ አዲስ አበባ ላሉ ማተሚያ ቤቶች እልካለሁ። በሥራዬ እኮራ ነበር፤ ዛሬም እኮራለሁ።

የባዕድ አገር ታሪክ እንዳለ መገልበጥ አልወድም። አገሩን ወደኛ ደጋ አመጣዋለሁ፣ መስፍኑን የወረዳ ገዥ አደርገዋለሁ። መርማሪው ተጠርጣሪዎቹን ሳሎን ሰብስቦ ገዳዩን የሚያወጣበትን መጨረሻ ደግሞ አውጫጭኝ ላደርገው አስቤ ነበር፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ አገሬው ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ የሚውልበትን። ጉዴን ያፈላው ይህ አሠራሬ ነው። ረቂቁን ያየ አንድ ሰው እውነተኛ ክስ መስሎት ወሬውን ነዛ፤ የሆነ ወረዳ ገዥም «የተጻፈው ስለ እኔ ነው» ብለው ከሰሱኝ።

ያሰሩኝ የፖሊስ ጣቢያ ክፍል የእርጥብ ጋቢ ሽታ ነበረው። ከእኔ በፊት የገቡ አንድ አዛውንት ገበሬ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የአንድ ባላባት በሬዎች ጠፍተው አውጫጭኝ ተቀምጦ፣ ወፏ እሳቸውን ጠቁማለች። በአውጫጭኝ የጠቋሚው ስም አይነገርም፤ ወፍ ነው የሚባለው።

«በሬዎቹን ማን እንደነዳቸው ያውቃሉ፣ አያ?» አልኋቸው።

«የማያውቅ የለም። የትልቅ ሰው ልጅ ነው» አሉኝ።

ቀኑ አልገፋ ሲለን ልብ ወለዱን፣ በግድያው ገዥውም አሽከሩም የሚጠረጠሩበትን፣ አወራላቸው ጀመር። ጥሩ አድማጭ ነበሩ። «አሽከሩስ ያን ጊዜ የት ነበር?» ይሉኛል። «ወፍጮ ቤት» እላለሁ። «እህ» ብለው ይቀጥሉልኛል።

አንድ ጠዋት የጣቢያው አዛዥ፣ ሻምበሉ፣ አስጠራኝ። ረቂቄ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሲገላለጥ መሰንበቱ ከዳር ዳሩ ያስታውቃል።

«ሸጋ አድርገህ ጽፈኸዋል» አለኝ። «በል ጨርሰው። ገዳዩ አሽከሩ ይሁንና ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«አሽከሩ ወፍጮ ቤት ነበር፣ ጌታዬ።»

«ከወፍጮ ቤት ይመለሳ» አለና ወረቀትና ብዕር ሰጠኝ።

ቤቴ ናፍቆኝ ነበር። አሽከሩን ገዳይ ማድረግ ለእኔ የግማሽ ቀን ሥራ ናት፤ ማንም አንባቢ ስፌቱን አያይብኝም። ይህንኑ ለአያ ነገርኋቸው።

«ምነው ልጄ፣ እዚያም አገር ወፏ በድሃ ላይ ነው የምትጮኸው?»

«የለም። እዚያስ ገዥውን ነው ያወጣችው።»

«እንግዲያ እንዳወጣችው ተዋት።»

የውሃውን ባልዲ ደፍቼ ጠረጴዛ አደረግሁትና ብርሃኑ ከግድግዳው እስኪወርድ ጻፍሁ። የማውቀውን አማርኛ ሁሉ እዚያ ላይ አፈሰስሁት። ገዥውን ከአሽከሩ ጎን ሣር ላይ አስቀመጥሁት። ሲያልቅ ለአያ አነበብሁላቸው፤ ገዥው ተነሥቶ «እኔ ነኝ» የሚልበትን ቦታ አስደገሙኝ።

ሻምበሉ ቆሞ ማንበብ ጀመረ፣ መጨረሻው ላይ ተቀመጠ።

«ይህን ማን ያትምልሃል?»

«ማንም ባያትመው ትርጉሙ ልክ ነው» አልሁት።

ምዕራፉን ቀስ ብሎ ቀደደው። ክረምቱን እዚያው ከረምሁ። ለመስቀል ሲለቁኝ አያ ገና አልተፈቱም ነበር፤ አዲስ ለገቡት እስረኞች ታሪኩን ከመነሻው ሲያወሩላቸው ትቻቸው ወጣሁ።

አሁን አርጅቻለሁ። በስሜ የታተሙት መጻሕፍት መደርደሪያው ላይ አሉ፤ ኩራቴ ግን በዚያ ባልታተመው ነው። ከተፈታሁ ከዓመታት በኋላ ወደ አዘዞ በሚሄድ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው፣ ደጋው ላይ የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ ነው ብሎ አንድ የግድያ ወሬ ጀመረልኝ። አገሬው ሜዳ ላይ ተቀምጧል፣ ገዥው ከአሽከሩ ጎን ሣር ላይ ነው። የእኔ ነው አላልሁም። «ገዳዩ አሽከሩ ይሆናላ?» ብዬ ጠየቅሁት።

እንደ አላዋቂ አየኝ።

«ምነው፣ አሽከሩማ ወፍጮ ቤት ነበር» አለኝ።