ዓይን የሌለው ሥር

በሰፈሩ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም «እትዬ መቀስ» ነበር የሚላት። መቀሷ በጥብጣብ ታስሮ ካንገቷ አይወርድም። መንገድ ላይ ከሰው ልብስ የተንጠለጠለ ክር ካየች ሳታስፈቅድ ቀጭ ነው። አንድ ጊዜማ የተከበሩ ዳኛ ባጠገቧ ሲያልፉ ከኮታቸው ክር ወጥቶ አይታ፣ «አንዴ ይቁሙልኝ ጌታዬ» አለችና ቆረጠችላቸው። ዳኛው፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ እኔስ የፈራሁት ላንገቴ ነበር» አሉ ተብሎ ስንት ዓመት ተሳቀ። እሷ ግን አትስቅም። «ስፌት የሚያልቀው መርፌው ሲቆም አይደለም፤ ክሩ ተለቅሞ ሲጠራ ነው» ትላለች።

መንገድ ዳር ባለችው ክፍሏ መስኮት ሥር በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ልጃቸው ገና ጥርስ ሳታበቅል መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ ብቻ ቀሩ። ልጅቷ በጨርቅ ቁርጥራጭ መሃል ዳዴ ብላ አደገች፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣም ፖስታ ቤት ገብታ ደብዳቤ መለየት ጀመረች።

አበባው የልጅቷ ነበር። ከክፍሉ ጀርባ ሁለት አንሶላ የምታህል መሬት ነበረቻቸው፤ እዚያ ላይ ዳሊያ ተከለች። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ የሸክላ ቀለም፤ ከዚያ ሌላ አትተክልም። «ነጩና ሐምራዊው ለሌላ ሰው ይሁን» ትላለች። «የኛ ጓሮ ጠዋት ፀሐይ አይደርሰውም፤ እኛው እናሙቀው እንጂ።» ቅጠሉ ሲጠቁር ሥሩን ቆፍራ ታወጣና ሰጋቱራ በሞላ ሣጥን ውስጥ አልጋ ሥር ታስቀምጠዋለች፤ የመትከያው ወር እስኪደርስ እዚያ ይከርማል። ሥሩ ሁሉ ስኳር ድንች ስለሚመስል፣ የትኛው ምን ቀለም እንደሆነ እንዳይጠፋት ከእናቷ ሣጥን የአበባውን መልክ ያለው ክር እየመረጠች ታስርበታለች። እናት ሥሩን ነክታ አታውቅም። የሷ ሥራ አበባውን በመቀሷ ቆርጣ መኪናዋ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነበር።

ዳሊያ ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም። ልጅቷ አንድ ዓመት ለጨዋታ ያህል ዘር በቆርቆሮ ዘርታ፣ ከበቀሉት አንዱ ማንም ያላየው ሆኖ ወጣ። መሃሉ የበሰለ ብርቱካን፣ ጫፍ ጫፉ ፍም። የሚመስለው ክር ቢታጣ ቀይና ቢጫ ሁለት ክር ገምዳ አሰረችለት።

ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ልብስ አጣቢ አየችውና ልቧ ቀረ። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ አትክልተኛ ነበሩ። «አንቺ እትዬ መቀስ፣ በሞቴ፣ ከዚህ አንድ ሥር ብቻ?» አለች። ልጅቷ ፈገግ ስትል እናት ቀደመቻት፤ «ይሄ እንኳ የልጄ እጅ ብቻ ያረፈበት ይሁንልኝ» አለችና ነገሩን ዘጋችው።

በዓመቱ ሣጥኑ ሲከፈት ባለሁለት ክሩ በአንድ ሥር ጎደለ። ልጅቷ፣ «በስብሶ ይሆናል እማ» ብትላትም ማን ሰምቷት! እናት አጥሩ ላይ ወጥታ፣

«ያ እጅሽ ልብስ ብቻ የሚያጥብ መስሎኝ! ለካ የሰው ሣጥንም ሙልጭ አድርጎ ያጥባል!» አለች።

«እኔ የሰው እድፍ እንጂ የሰው ሥር አልወስድም!» አለች አጣቢዋ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ተኳረፉ።

በሦስተኛው ዓመት ልጅቷ ታመመች። የደም በሽታ ነው አሉ። ገና ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። አልጋዋ ከጓሮው መስኮት አጠገብ ሆኖ ዳሊያው ሲፈካ በሱ በኩል ታየዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእናቷን ቀሚስ ያዝ አድርጋ፣

«እማ፣ ሥሩን ስታወጪ...» አለች።

«ራስሽ ታወጪዋለሽ።»

«እሺ፣ ግን ስሚኝ። ሲቆረጥ እኮ አንገቱ ላይ...»

«ራስሽ ነሽ የምትቆርጪው አልኩሽ! ዝም ብለሽ ሾርባሽን ጠጪ!»

ልጅቷ ሾርባዋን ጠጣች። ቅጠሉ ሳይጠቁር ሞተች።

በለቅሶው ሳምንት አጣቢዋ አጥሩን ዞራ መጣች። «ነፍስ ይማር» አለችና የልጅቷን አንሶላዎች ሰብስባ ወሰደች፤ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ መለሰች። ስለ ሥሩ ማንም ምንም አላነሳም።

ቅጠሉ ሲጠቁር እትዬ መቀስ ብቻዋን ቆፈረች። የሌላውን ቀለም ሥር ከነግንዱ፣ ከነአፈሩ ሣጥን ውስጥ ወረወረችው። ልጇ ከዘር ያበቀለችውን ባለሁለት ክሩን ግን ጭኗ ላይ ጨርቅ ዘርግታ እንደ አራስ ልጅ ተቀበለችው። አምስት ሥር ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው፤ ጭራ ጭራውን ለቀመች፤ ካንገቱ ላይ የደረቀው የግንድ ጉቶ ልክ ያልተለቀመ ክር መስሎ ታያትና፣ አምስቱንም ከጉቶው እየለየች ቀጭ፣ ቀጭ አደረገቻቸው። ጥርት አሉ። ባለሁለት ቀለሙን ክር አስራ፣ ሥር በሥር ለየብቻ በቁርጥራጭ ሐር ጠቅልላ አስቀመጠቻቸው። ልጇ ብታይ የምትኮራባት መስሏት ነበር።

የመትከያው ወር ደርሶ ሁሉንም ተከለች። የተወረወሩት ሁሉ በሦስት ሳምንት ስንዝር ሆኑ። የልጇ መደብ ባዶ ነው። ታጠጣለች፣ ትጠብቃለች። ዩኒፎርም ይዘው የሚመጡ እናቶች ከመኪናዋ ላይ ሳይሆን ጓሮ ተንበርክካ ያገኟት ጀመር። አንዱን ሥር ጫር አድርጋ ብታየው እንዳለ ነው፤ ጠንካራ፣ ነጫጭ ጭራ እንኳ አውጥቷል። በደስታ አለቀሰች፤ መልሳ ሸፈነችው። ሌላ ወር አለፈ። ብቅ ያለ ነገር የለም።

በመጨረሻ አጥሩ ጋ ሄደች። አጣቢዋ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«እህቴ» አለቻት። እንዲህ ብላ ጠርታት አታውቅም። «ያን ዓመት ሥሬን ወስደሽ ነበር? አልቆጣሽም። በልጄ ነፍስ አልቆጣሽም። ወስጃለሁ በይኝ ብቻ።»

አጣቢዋ የያዘችውን ሸሚዝ መልሳ ሳፋው ውስጥ ጣለችው። ፊቷን አይታ ነገሩ ገባት፤ አዎ ብትል እንዴት በወደደች።

«አልወሰድኩም» አለች። «ምነው በሰረቅኩሽ ኖሮ እህቴ። ምነው ሌባ በሆንኩልሽ።»

ዞራ መጣች። አብረው ተንበርክከው አምስቱንም አወጡ። አጣቢዋ በረጠበ ጣቷ የአንዱን ጫፍ ዳሰሰች፤ ሌላውንም፣ ሌላውንም።

«ማነው የቆረጠው?»

«እኔ ነኛ። አጸዳሁት።»

«የዳሊያ ዓይኑ እዚህ ነው» አለች፣ ቀስ ብላ፣ አንገቱ የነበረበትን ባዶ ቦታ እያሳየች። «ከጉቶው ጋር የሚገናኝበት። ቡቃያው የሚወጣው ከዚያ ነው። ይሄ ሥር አልሞተም፤ ዓይን ግን የለውም። መውጫው አይታየውም።»

እትዬ መቀስ ሥሩን ተቀብላ የተቆረጠውን ጫፍ በራሷ ጣት ዳሰሰች። ኋላ፣ «ልትነግረኝ ነበር» አለች። «'አንገቱ ላይ' እያለችኝ ነበር። ሾርባሽን ጠጪ አልኳት።»

«ተይ እንግዲህ።»

«ያኔ ሰጥቼሽ ቢሆን ዛሬ ከአጥሩ ማዶ ይኖር ነበር።»

አጣቢዋ ይህን አላስተባበለችም። ቦታው ላይ ቢጫውን እንትከልበት ብትላት፣ እትዬ መቀስ «ይተኛበት» አለችና አምስቱንም ከነክራቸው ወደ ጉድጓዳቸው መለሰች። አፈሩን በመዳፏ ደለደለች።

አጣቢዋ ልታነሳት እጇን ስትዘረጋላት ከእጅጌዋ ጫፍ ረጅም ክር ተንጠልጥሎ ነበር። የእትዬ መቀስ እጅ ከልማዱ ወደ አንገቷ ሄደ፤ መቀሱን ያዘ፤ እዚያው ቆመ።

«ቁረጪው እንጂ፤ ሲያስቸግረኝ ነው የዋለው» አለች አጣቢዋ።

«ይቆይ» አለች።