ጋሼ ደምሴ ያላነሷቸው ድንጋዮች

ግንበኛው ጋሼ ደምሴ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ እዚህ ሐርጌሳ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር በሚገኘው የኪራይ ቤታቸው፣ ከአጭር ሕመም በኋላ ዐርፈዋል። ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ለቅሶም ደርሳችኋል። እኔ ግን ከመርዶው ሌላ ላስተካክለው የሚገባኝ አንድ ወሬ ስላለ ነው ይህን የምጽፈው።

በሐርጌሳ አርብ የእረፍት ቀን ነው። ለሥራ ከኢትዮጵያ የመጣን ወጣቶችና ድሬዳዋ ወይም ጅግጅጋ አድገው የተመለሱ ሶማሌዎች በየአርቡ ጠዋት ከከተማው ዳር ባለው መናፈሻ እንገናኝ ነበር። ዝናብ የሚቦረቡራቸውን የእግር መንገዶች ያለ ክፍያ እንጠግናለን። ሥራውን የሚያስተምሩን ጋሼ ደምሴ ነበሩ።

እሳቸው መሣሪያ ከመታደሉ በፊት ሁላችንንም ባዶ እጃችንን መንገዱን ከላይ እስከ ታች ያስኬዱን ነበር። «እግራችሁ የት እንደተንሸራተተ ንገሩኝ፤ የምንሠራው እዚያ ነው» ይላሉ። ዶማ ማንሳት ብቻ ሥራ የሚመስለን እኛ በዚህ እናጉረመርም ነበር። ዛሬ ያ ጉርምርምታ እንኳ ይናፍቀኛል።

እኔ 26 ጁን ሰፈር በሰው ቤት እሠራለሁ። መጀመሪያ በመጣሁበት አርብ ጋሼ ጓንታቸውን አውልቀው ሰጡኝ። «ነገ ዕቃ የምታጥቢው በዚሁ እጅሽ ነው» አሉኝ። የእሳቸውም እጅ በነጋታው ድንጋይ እንደሚጠርብ ትዝ ያላቸው አይመስልም ነበር።

አሁን ወደ ወሬው ልምጣ። «ደምሴ የአዴር ኤልሚን መስጊድ የሰረቀ ዕለት» የሚለውን ጨዋታ የማያውቅ በመካከላችን የለም። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ አዴር ኤልሚ የመናፈሻው ጥበቃ ናቸው። ልጅነታቸውን ድሬዳዋ ስላሳለፉ አማርኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ። ከአንድ ግራር ሥር ድንጋይ በግማሽ ክብ ደርድረው እዚያ ይሰግዱ ነበር። ግድግዳ የለው፣ ጣሪያ የለው፤ ለማያውቅ ሰው የተደረደረ ድንጋይ ብቻ ነው።

አንድ አርብ የውሃ መውረጃ ስንሠራ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለቀብንና እንዳመጣ ተላክሁ። ሐርጌሳ ከገባሁ ሁለት ወር አልሞላኝም። ከግራሩ ሥር ያለውን ሳይ የድሮ መንገድ ጠርዝ መሰለኝ፤ ደስ ብሎኝ በእጅ ጋሪ አመላለስኩት። ጎበዝ መባል አምሮኝ ከየት እንዳመጣሁት እንኳ ለማንም አልተናገርኩም።

ለረፋዱ የፈቃድ ሶላት አዴር ኤልሚ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው መጡና ባዶው መሬት ላይ ቆሙ። ድንጋዩን ማን እንዳነሳው ጠየቁ። ሶማሌዎቹ ጓደኞቻችን አቀረቀሩ፤ እኛም እርስ በርስ ተያየን። ከእሳቸው አንድ ቃል ቢወጣ ከመናፈሻው እንደምንባረር፣ ከዚያም ይልቅ እርስ በርስ እንደምንቀያየም ሁላችንም ገብቶናል። እኔ አፌን ልከፍት ስል ጋሼ ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ ያስነሳሁት። ይቅር በለኝ ኤልሚ» አሉ።

አዴር ኤልሚ አልተቆጡም። ምንጣፋቸውን ዘርግተው ሰገዱ። እስኪጨርሱ ድረስ ጋሼ መሣሪያ አስቀምጠን በዝምታ እንድንጠብቅ አደረጉን። ከዚያ የግማሽ ቀን ሥራችንን በገዛ እጃቸው አፈረሱት። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥተው በጀሪካን ውሃ አጠቡ፤ አዴር ኤልሚ መካ ያለችበትን አቅጣጫ በከዘራቸው ሲያሳዩ፣ ሲባጎ ወጥረው መልሰው ደረደሩ። በቀጥታ ሊያልፍ የታሰበውን መንገድም ከሚሰግድ ሰው ፊት እንዳያልፍ ሰፋ አድርገው አዞሩት። መንገዱ ዛሬም እዚያ ጋ የሚታጠፈው ለዚህ ነው።

ስንመለስ እውነቱን ልናገር ብዬ ለመንኳቸው። «አንቺ ለአገሩ አዲስ ነሽ፤ ማሳየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ለወደፊቱ ግን ድንጋይ ከማንሳትሽ በፊት ማን እንዳስቀመጠው ጠይቂ» አሉኝና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ አዴር ኤልሚ በየአርቡ «ድንጋያችሁን ደብቁ፣ ደምሴ መጣ» ይሉ ነበር። ሁላችንም እንስቃለን፤ ከሁሉም በላይ ጋሼ ራሳቸው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ዛሬ ያሳፍረኛል። ዓመት በዓመት ላይ ሲጨመር መናገሩ እየከበደኝ ሄደ።

ለቅሶው ላይ አዴር ኤልሚ አጠገቤ ተቀመጡ። ድንጋዩን ያነሳሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ጋሼ ሳነሳው እንዳላወቁ ነገርኳቸው። «ወላሂ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሌባ ስለው ዝም ብሎ ይስቅ ነበር?» አሉና በትከሻቸው ጨርቅ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ትናንት አርብ ነበር። አዴር ኤልሚ ከመስገጃቸው ወደ መካ የሚያመለክተውን ዋናውን ድንጋይ አንስተው እስከ ጋሼ መቃብር ድረስ ተሸከሙት። ላግዝዎት ብላቸው እምቢ አሉ። ራስጌው ላይ አስቀመጡትና «ይህን አልሰረቀም። እኔ ነኝ የሰጠሁት» አሉ።

ጋሼ ደምሴ፣ ነፍስዎን ይማርልን። የእኔን ጥፋት ተሸክመው ሲኖሩ ዝም ስላልኩ ይቅር ይበሉኝ። ጓንትዎ አሁንም እኔ ጋ ነው። የፊታችን አርብ ባዶ እጃችንን መንገዱን እንሄዳለን፤ እግራችን የት እንደተንሸራተተም እርስ በርስ እንነጋገራለን። እርስዎ በሰላም ይረፉ። ራስጌዎ ያለውን ድንጋይ ማን እንዳስቀመጠው የሚጠይቅ ቢመጣ፣ እኔ እነግረዋለሁ።