ከልብስ ሰፊው አልጋ ስር

ሰፈሩ ሁሉ ፍልፈል ይለዋል። ቅጽል ስሙ የውርስ ነው። ቅድመ አያቱ ከቤታቸው ስር ያለውን ዓለት በመሮ ፈልፍለው የመጀመሪያውን የወይን ጠጅ ጓዳ ሠሩ። አያቱ ሁለተኛውን ክፍል ጨመሩ፤ አባቱ ሦስተኛውን። አንድ ትውልድ፣ አንድ ክፍል።

ሃያ ሰባት ደረጃ ይወረዳል። ታች ክረምትም በጋም የለም። ድንጋዩ ያልበዋል፣ እንጨቱ ይሸታል፣ በርሜሎቹ ውስጥ የተኛ ሰው ትንፋሽ የመሰለ ነገር ይሰማል። እዚያ ጮክ ብሎ ማውራት ነውር ነው። የጓዳው ነገርም ላይ ቤት አይነሳም። «ወይኑ ይሰማል» ይላሉ። ሰምቶ ምን እንደሚያደርግ የጠየቀ የለም።

ፍልፈል የራሱን ክፍል መቆፈር የጀመረው ዘግይቶ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከመሬት ስር አቅጣጫ ይጠፋል። ስለዚህ ከሚስቱ ጋር ተስማሙ፦ እሱ በመዶሻው ሦስት ጊዜ ይመታል፣ እሷ የወጥ ቤቱን ወለል በዘነዘና ሦስት ጊዜ ትመልሳለች። እሱ ወደ ድምፁ ይቆፍራል።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ ወረደ። መታ፤ ተመለሰለት። አንዳንዴ ሻማውን አጥፍቶ ጆሮውን ዓለቱ ላይ ያሳርፋል። ድምፁ ከላይ ይምጣ ከራሱ ደረት መለየት ያቅተዋል። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጎረቤታቸው፣ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው።

«ወለሌ ተሰንጥቋል» አለ። «አልጋዬ ስር ማነው ያለው?»

የፍልፈል ሚስት ሳቀች። «ጋሼ ደግሞ! የኔ ሰውዬ የሚቆፍረው እዚሁ እግሬ ስር ነው።»

«በዘነዘና እየመለስሽልኝ አይደል?» አለ ፍልፈል።

«እኔ? ጉልበቴን ካመመኝ ሦስት ዓመቴ፤ ከዚያ ወዲህ መች ነካሁት! መንገዱን ለምዶታል ብዬ ተውኩት እንጂ።»

«ታዲያ ማን ነበር የሚመታልኝ?»

ልብስ ሰፊው ተቀመጡ ሳይባል ተቀመጠ።

«ከምሳ በኋላ ጋደም ስል ከስር ሦስት ጊዜ ይንኳኳል» አለ። «ሟቿ መሰለችኝ። በከዘራዬ መለስኩላት።»

ፍልፈል ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ከዘራው ሲቆፍር ኖሯል።

ክፍሉ ያለው በሰው ቤት ስር ነው። ሙላው ከተባለ መሙላት ግዴታው ነው። ሌላ ለመጀመር ደግሞ ዕድሜው አይፈቅድለትም፤ ከዘሩ ክፍል ሳይተው የሚሞት የመጀመሪያው ሰው ይሆናል።

ተያይዘው ወረዱ። ልብስ ሰፊው ግድግዳውን እየተደገፈ ሦስቱን ክፍሎች አለፈ። አራተኛው ውስጥ ሲደርስ ቀና አለ።

«እዚህ ጋ ነው?» አለ፣ ማንም ሳይነግረው በሹክሹክታ።

«እዚህ ጋ ነው፣ ጋሼ።»

መዳፉን ጣሪያው ላይ አሳረፈና ቆየ። የሻማው ብርሃን ድንጋዩ ላይ እንደ ውሃ ይዋልላል።

«ልሙላው?» አለ ፍልፈል።

«ሊገባኝ ይገባ ነበር» አለ ልብስ ሰፊው። «እሷ ብትሆን በሦስት መች ትበቃለች፤ እስክነሳ ትጨቀጭቀኝ ነበር።» እጁን አወረደ። «አንተ ፍልፈል፣ አትሙላው። ግን ዓምድ አቁምልኝ። ከነአልጋዬ አንተ ጋ መውረድ አልፈልግም።»

ዓምዱ ከተቆፈረው ድንጋይ ተገነባ፤ ዘጠኝ ሳምንት ፈጀ። ልብስ ሰፊው ወረደና ዙሪያውን በሜትሩ ለካ።

«ወገቡ ሰፊ ነው» አለ። «ያዋጣል።»

በዓምዱ ዙሪያ የተረፈው ቦታ አንድ ሰው ብቻ በጎን ያሳልፋል። እስከ ዛሬ አንድም በርሜል አልገባበትም። ወይን ሊገዙ የመጡ ሰዎች ጓዳው ስንት ክፍል እንደሆነ ሲጠይቁት ግን ፍልፈል አራት ይላል።

«አራተኛው ውስጥ ምን አለ?»

«ጎረቤት።»