መርዶ ያልተነገራት ተማሪዬ

ድሬ ዳዋ ሥራ የጀመርኩ ቀን ዲሬክተሩ ጠመኔ፣ የሰሌዳ መጥረጊያና የፊደል ገበታ አስረከቡኝ። ቀጥለው ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ አሳዩኝ። የትምህርት ቤቱ ደወል እሱ ነበር።

«ስሚ» አሉኝ፤ «አንደኛ ክፍልን የያዘ አስተማሪ መጀመሪያ የሚያስተምረው ፊደል አይደለም፤ ሰዓት ነው። ደወል ሲመታ የሚሰለፍ ልጅ ሌላው አይከብደውም።»

ከማሠልጠኛ ትኩስ የወጣሁ ነበርኩና «ዘበኛ ሆኜ ነው እንዴ የተቀጠርኩት?» ብዬ በሆዴ ተቆጣሁ። ያኔም ቁጡ ነበርኩ፤ ጡረታም አላበረደኝም።

ሰውዬው ግን እውነታቸውን ነበር። ክፍሌ ውስጥ በቤቱ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪና አማርኛ የሚናገር ልጅ ተደባልቆ ይቀመጣል። በአፍ ሳይግባቡ በደወል ይግባቡ ነበር።

በሦስተኛው ዓመቴ፣ በበልግ፣ ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው ደረቁ ወንዝ፣ ደቻቱ፣ ሞላ። ድሬ ላይ ጠብታ አልወረደም፤ የዘነበው በላይ በሐረር ተራሮች ነው። እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን ጎርፉ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ደረሰ። ትምህርት ቤታችን ወንዙ ዳር ስለነበር ጭቃው እስከ አግዳሚ ወንበሮቹ ሞላው።

ዲሬክተሩ «ጭቃው እስኪጠረግ ሁሉም እቤቱ ይቆይ» አሉ።

«ትልልቆቹ ይቆዩ፤ የእኔዎቹ ግን መቀመጥ የለመዱት ገና ትናንት ነው። ይበተኑብኛል» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ?»

«ቤታቸው ድረስ እሄዳለሁ።»

«እንግዲህ እንደ ፍጥርጥርሽ» ብለውኝ ወደ ጭቃቸው ተመለሱ።

ገንደ ቆሬ ሰፈር ውስጥ አንዲት ባለ ሱቅ ነበሩ፤ በአክብሮት አዴ ፋጡማ ይባላሉ። የልጅ ልጃቸው ተማሪዬ ናት። በረንዳቸውን ለቀቁልኝ። ደወል ሲጠፋ የነሐስ የቅመም ሙቀጫቸውን አውጥተው በዘነዘናው ቀጨለ ቀጨለ አደረጉት። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ መምታቱን ለማንም አልለቅም አሉ።

ለእናቶቹ የነገርኳቸው ብዙ አይደለም። ልጁን በትምህርት ቤት ሰዓቱ ቀስቅሱት። ፊቱን ይታጠብ፤ የደንብ ልብሱን ይልበስ። ከበረንዳው ሲመለስ ምን እንደተማረ ጠይቁት፤ ባታውቁትም ጠይቁት። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ይተኛ። ደመና ባየ ቁጥር የሚያለቅስ ልጅ ነበረኝ። ትልቅ ሆኖ ሳለ አልጋ ላይ መሽናት የጀመረም ነበር። በጠጠር እየቆጠርን፣ ፊደል እያዜምን ስንሰነብት ቀስ በቀስ ሰከኑ።

ሙሉነሽ ብቻ አልሰከነችም።

አባቷ የምድር ባቡር ፍሬን ያዥ ነበር። ጎርፉ የመጣ ዕለት ከሥራ ወደ ቤቱ ሲሻገር ደቻቱ ወሰደው። ሬሳው ተገኝቶ ሲቀበር ልጅቷን ዘመድ ቤት አስቀመጧት። ስትመለስ «አባባ ጅቡቲ ሄዷል፤ ጫማ ይዞልሽ ይመጣል» አሏት።

መርዶ በአገራችን ወግ አለው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚያለቅሰውን የሚደግፍ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ለልጅ ግን ዝም ይባላል። ሙሉነሽ ቤት ስትገባ ለቀስተኛው ወሬ ይለውጣል። እናቷ ወይዘሮ አስካለ ጓዳ ሮጣ ጥቁር ቀሚሷን ታወልቅና አበባ ያለበትን ለብሳ ትወጣለች። ልጅቷ ስትወጣ መልሳ ጥቁሩን ትለብሳለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጅቷ በረንዳው ላይ ጭራሽ አትናገርም። የጅቡቲው ባቡር ሲያፏጭ ግን ብድግ ብላ ትሮጣለች፤ ደቻቱን አቋርጣ ወደ ጣቢያ። አንድ ቀን እሷ አሸዋው መሐል ሳለች ሰዎች ከላይ «ጎርፍ! ጎርፍ!» እያሉ ጮኹ። እኔ ዳር ላይ ሆኜ ስሟን ተጣራሁ። ግመል የሚነዳ አንድ ሶማሌ እንደ ጆንያ በትከሻው ጭኖ አወጣልኝ። እግዜር ይስጠው፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ሸሚዟን እያራገፍኩ «አብደሻል እንዴ?» ብዬ ጮህኩባት።

አፏ ተከፈተ። «እትዬ፣ የሥራ ኮፍያው ላይ ቀለም ደፍቼበት ነበር። ተቆጥቶ ነው የሄደው። ይቅርታ ልለው ነው።»

ጉድ! ለካ ይህች ልጅ ያን ሁሉ ቀን በባዶ ሆድ ጣቢያ የምትመላለሰው ጥፋቷን ተሸክማ ነው። የዚያኑ ዕለት የአባቷን ታላቅ ወንድም፣ አቶ በቀለን፣ ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ያዝኳቸው።

«መርዶ ይነገራት» አልኩ።

«የሰባት ዓመት ልጅ? ልቧ ይሰነጠቃል! እርስዎ ፊደልዎን ያስተምሩ።»

«ፊደል የማስተምረው በሕይወት ስትኖር ነው! ዛሬ ጎርፍ ወንድምዎን ከወሰደበት ቦታ ነው የወጣችው። ነገም ባቡሩ ያፏጫል። ማን ይይዛታል?»

ነጠላቸውን አጣፉ። አዴ ፋጡማ ከኋላዬ መጡ።

«አቦ፣ በቀለ! ልጅ እኮ ዓይን አላት። እኔ ባሌ ሲሞት ለልጆቼ ነግሬያለሁ። አለቀሱ፣ በሉ፣ ተኙ። ይቺ ግን ወላሂ አትበላም፣ አትተኛም። እናንተ ትልልቆቹ ተሰብስባችሁ ታለቅሳላችሁ፤ እሷ ከማን ጋር ታልቅስ?»

 አቶ በቀለ «እንግዲያውስ እንደ ትልቅ ሰው ይሁን፤ በወጉ» አሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስበን ገባን። ወይዘሮ አስካለ ጥቁሩን እንደለበሰች ተቀመጠች። ሙሉነሽ ነቅታ ያን ሁሉ ሰው ስታይ እኔን ነው የፈለገችው። ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ። አጎቷ ከፊቷ በርከክ አሉ።

«ሙሉዬ፣ አባትሽ ጅቡቲ አልሄደም። ጎርፍ ወስዶት ሞቷል። ቀብረነዋል።»

«ተቆጥቶ አይደለም?»

«አይደለም፣ የእኔ እናት። ወደ አንቺ እየመጣ ነበር።»

ያን ጊዜ ጮኸች። እናቷም አብራት ጮኸች። ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። ከልጇ ተደብቃ ስታለቅስ የሰነበተች እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇን አቅፋ ስታለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ ግን ደግ ነገር ነው።

ሲበርድላቸው ሙሉነሽ የእናቷን ጥቁር ቀሚስ ዳሰሰች።

«ይሄን ከአልጋው ሥር አይቼው ነበር፣ እማዬ። እንዳታለቅሺ ብዬ ነው ያልጠየቅሁሽ።»

 ወይዘሮ አስካለ ምግብ አቅርባ አጎረሰቻት፤ በላች። ከሐዘኑ በኋላ ሙሉነሽ ወደ በረንዳው ራሷ መጣች።

ከዚያ በኋላ በርካታ ዓመት አስተማርኩ፤ ትምህርት ቤትም በበሽታና በሌላም ምክንያት ደጋግሞ ተዘግቶብናል። ለወጣት አስተማሪዎችና ለወላጆች የምለው ይህንኑ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጁን ሰዓት ጠብቁለት። በቤቱ የሆነውንም ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። ፊደሉ በኋላ ይደርሳል።