ፈረስ ለመሳል ደምበጫ ወረድን

ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ከአትጠገብ ጋር ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ የሄድነው ፈረስ ለመግዛት አልነበረም፤ ለመሸጥም አልነበረም። ፈረስ ለማየት ነበር። ይህን ለጎረቤቶቼ ስናገር አፍሬያለሁ፤ ለእናንተ ስጽፍም አልኮራሁበትም።

አትጠገብ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ተማሪ ናት፤ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እኔ የልብስ ስፌት መኪና እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ የተጣለ መኪና ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የለመድኩት። ስለዚህ ለስዕል መምህርና ዲግሪ ያስፈልጋል ሲሉኝ ቶሎ አይገባኝም። መምህሯ ግን ያስረከበችውን የፈረስ ስዕል ከፎቶ የተቀዳ ነው ብለው መልሰውባታል። እውነታቸውን ነው፤ ከስልኳ ላይ ቀድታው ነበር። አሁን በሕይወት ያለ ፈረስ ፊት ቆማ፣ ከራሱ እስከ ጭራው ስላ ሰኞ ካላቀረበች ዓመቱን ትደግማለች። ለአንድ ፈረስ አንድ ዓመት።

መንገዱ በዚህ ጊዜ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ብቻዋን አልልካትም። ሱቄን ዘግቼ ተነሣሁ።

መናኸሪያ

ብስጭቱ ከመናኸሪያ ጀመረ። ወረቀቷን የምትወጥርበት ጣውላ የመስኮት መዝጊያ ያህላል። ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየውና የአንድ ሰው ሂሳብ ጠየቀን። ጣውላ ሰው አይደለም አልኩት። ሰውማ ቢሆን ይጠጋጋል፣ ይሄ መቼ ይጠጋጋል አለኝ። በግማሽ ዋጋ ተስማማን፤ ጣውላው ግን መንገዱን ሙሉ የተቀመጠው ጉልበቴ ላይ ነው።

የጥቅምት ማለዳ ነበር። ጤፉ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ እየዞረ ነው፤ በስተቀኝ ከባሕር ዛፉ ጀርባ የጮቄ ተራራ ጭጋጉን ገና አላወለቀም። እኔ የማየው ሰብሉ መድረስ አለመድረሱን ነው። እሷ ደግሞ የዛፎቹ ጥላ ጥቁር ይመስልሃል ወይ፣ ሐምራዊ እኮ ነው ትለኛለች። ጥላ ጥላ ነው አልኳት።

አማኑኤል ከተማ ላይ አንድ አዛውንት ተሳፍረው አጠገቧ ተቀመጡ። ጥቂት ስታያቸው ቆየችና፣ "አባባ፣ ጆሮዎ እንዴት ያምራል" አለቻቸው።

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አደረጉ። "ልጄ፣ ካየሽው አይቀር እትፍ በይበት።"

እትፍ አለችበት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ደምበጫ እስክንደርስ ጋቢው ከጆሯቸው አልወረደም።

ደምበጫ

ከመኪናው ወርደን ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝተን በቁማችን በላንና በባጃጅ ወደ ከብት ገበያው ሄድን። ፈረሶቹ ከበሬዎቹ ማዶ ተሰልፈዋል። ቀይ ክር የተንዠረገገባቸው፣ የሚያብረቀርቁ ፈረሶች ነበሩ። አትጠገብ ግን ጥግ ላይ የቆመ፣ በገመድ የተያዘ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ፈረስ መረጠች። ለምን ብላት፣ አጥንቱ ጥሩ ይታያል አለችኝ። ለፈረስ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም፤ ባለቤቱ ስላልሰማ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

ባለቤቱ ሞላ ይባላል፤ እኩያዬ የሆነ ገበሬ ነው። ከጥማዱ አንዱ በሬ ሞቶበታል። ፈረሱን ሸጦ በዚያው ገንዘብ ዛሬውኑ በሬ ካልገዛ፣ ሽምብራ የሚዘራበት መሬት ሳይታረስ እርጥበቱ ያልፍበታል። የበሬው ገበያ ደግሞ ከእኩለ ቀን በኋላ አይቆይም። ይህን ሁሉ የነገረኝ ልጄ ፈረሱን አይታ እንድትስል ስለምነው ነው። "ማየት ምን ይጎዳል፤ ትይ" አለ።

ሥራዋን ጀመረች። እርሳሷን በተዘረጋ እጇ ይዛ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ከጆሮው እስከ ደረቱ፣ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ትለካለች። ትስላለች፤ ታጠፋለች። እኔ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ከጎኗ ቆሜያለሁ። አንድ ጥሩ አንገት ስላ ሙልጭ አድርጋ ስታጠፋው አላስቻለኝም፤ ምን ጎደለው ብዬ ተቆጣሁ።

"ምንም አልጎደለውም" አለች። "የዚህ ፈረስ አይደለም እንጂ።"

ፀሐዩ ከፍ አለ። ገዢዎች ወደ ቦራው ይመጣሉ፣ ቆም ይላሉ፣ ሰላምታ ሰጥተውን ያልፋሉ። ከግራና ከቀኝ ያሉት ፈረሶች ተሸጡ። ሞላ ለአላፊ አግዳሚው ዋጋ ቢቀንስም የሚጠጋው አላገኘም። ጥፋቱ የፈረሱ ይመስል አንገቱን በመዳፉ መታ ያደርገዋል። እኔም በልቤ ፈረሱ ስለከሳ ነው ብዬ አዘንኩለት።

ከዚያ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ሊጠጋ ሲል ጓደኛው ክንዱን ያዘው። "ተው፣ ሰው ቆሞበታል። ስትለካው አታይም?" ሄዱ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። አንድ ሰው ከብት ፊት ቆሞ እያየ ሳለ ሌላው ገብቶ ዋጋ አይጠራም፤ ነውር ነው። የቆመው ትቶ እስኪሄድ ይጠበቃል። ገጠር ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። እኛ ግን ከጠዋት ጀምሮ ገዢ መስለን የሰውየውን ገበያ ዘግተንበት ቆይተናል።

እኩለ ቀን

አትጠገብን ጣውላሽን አንሺ አልኳት፤ ምክንያቱንም ነገርኳት። የቀራት ዳሌውና የኋላ እግሮቹ ብቻ ነበር።

"ግማሽ ሰዓት ስጠኝ" አለች። "ከዚያ እንነግረዋለን።"

"በግማሽ ሰዓት የበሬው ገበያ ይበተናል።"

"የእኔስ ዓመት?"

ሞላ ዘንድ ሄጄ ገዢ የሸሸው በእኛ ምክንያት መሆኑን ነገርኩት። ፈረሴን ምን ነካው እያልኩ ከማለዳ ጀምሮ ስጨነቅ ነበር አለ። "አንተ ሰው፣ ታየዋለች አልከኝ እንጂ ትለካዋለች መቼ አልከኝ?" ወደ ልጄም ዞረ። "አንቺስ፣ ፈረስ አይተሽ አታውቂም?"

"እንዲህ አይቼ አላውቅም" አለችው። ከነቁጣው ሊስቅ ምንም አልቀረው።

ፈቀቅ ከማለታችን ሰው ከበበው። ብዙም ሳይከራከር ሸጠና ሳይሰናበተን ወደ በሬዎቹ ሮጠ። ገዢው ገመዱን ይዞ ፈረሱን ወደ አስፋልቱ መራው። ይሄኔ ልጄ ተከተለችው። ከኋላ ስትሄድ የቀሯትን እግሮች ታያለች፤ ጣውላውን የሚይዝላት ግን ያስፈልጋል። እኔ ጣውላውን ደረቴ ላይ ደግፌ የኋሊት እሄዳለሁ፤ እሷ ፊት ለፊቴ እየተራመደች፣ በትከሻዬ ላይ ፈረሱን እያየች ትጭራለች። በዚህ ዕድሜዬ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። አንድ ባጃጅ ነጂ ቀስ አለና፣ "ጋሼ፣ መንገዱ በወዲያ በኩል ነው" አለኝ። ከከተማው መውጫ ላይ ፈረሱ ፈጠነ፤ እኛም ቆምን።

ወደ ቤት

ደብረ ማርቆስ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። አትጠገብ ስዕሉን ግድግዳ ላይ አስደገፈችው። ባለቤቴ ብርቄ ጠጋ ብላ አየችውና፣ "ይሄ ፈረስ ፊቱ ቆሟል፤ ኋላው ግን ይሄዳል" አለች። እውነቷን ነው። የፊት እግሮቹ መሬት ተክለዋል፤ የኋላዎቹ ተነሥተዋል። ራሱ እዚህ ነው፤ ዳሌው ሌላ መንገድ ጀምሯል።

ደክሞኝ ነበር፤ ተበሳጨሁ። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ የኋላዎቹን አጥፍተሽ ቀጥ አድርገሽ አቁሚያቸው አልኳት።

"ቆመው ሳሉ በደንብ አላየኋቸውም።"

"ፈረስ እንዴት እንደሚቆም ታውቂያለሽ። መምህርሽ ደምበጫ አልነበሩ፤ በምን ያውቃሉ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "አባዬ፣ አንተ ለሰውየው እውነቱን ለመናገር ብለህ የኋላ እግሮቹን አሳጣኸኝ። አሁን እኔን ለመምህሬ ዋሺ ትለኛለህ?"

ብርቄ እኔን አየት አድርጋ ራት ልታቀርብ ተነሣች።

ውሸት ትንሽና ትልቅ የለውም እያልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኋቸው። ነገሩ እስከ ፈረስ እግር ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እሑድ ስዕሉን እንዳለ ይዛ ከዘመድ ጋር አዲስ አበባ ሄደች። መምህሯ ይቀበሏት አይቀበሏት ይህን ስጽፍ ገና አልሰማሁም። ሥራ ፈትቶ ከብት ሲያዩ መዋልም እስከ ዛሬ ትምህርት አይመስለኝም። ዓመቱን ብትደግም እንደምናደድ ራሴን አውቃለሁ። ለምን አላስተካከልሽውም የምልበት አፍ ግን የለኝም።