የእማማ የሻረግ ሙሾና አዲሱ ማይክ

ሥራ የጀመርኩት መንዝ ሞላሌ፣ ጋሽ ታፈሰ ሱቅ ውስጥ ነው። ጋሽ ታፈሰ ካሴት ይቀዱ፣ ራዲዮ ይጠግኑ፣ ለሰርግ ሞንታርቦ ያከራዩ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ማይክ ሰጡኝና "እስቲ ሞክረው" አሉኝ። እኔም ሌሎች ሲያደርጉ እንዳየሁት በጣቴ ጠፍ ጠፍ አድርጌ "ሄሎ፣ ሄሎ" አልኩ። ማይኩን ተቀበሉኝና የእኔን ጆሮ በጣታቸው ጠፍ ጠፍ አደረጉት። "አመመህ? እሱንም ያመዋል" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማይክ መትቼ አላውቅም፤ ሌላው ሲመታም ጥርሴን ነክሼ ነው የማየው።

በዚያ ሱቅ ማዕረግ ነበር። መጀመሪያ ገመድ ትጠቀልላለህ፣ ቀጥሎ ሞንታርቦ ትሸከማለህ፣ ከዚያ ብየዳ ትይዛለህ። ድምፅ የሚመጣጠንበትን ሚክሰር መንካት የሚፈቀድልህ መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ገመድ ስጠቀልል ከሁሉም በላይ ቆየሁ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው "ብዙ ታወራለህ፤ የሚያወራ ሰው አይሰማም" አሉኝ። ማውራቱን አሁንም አልተውኩም፤ መስማቱን ግን ተምሬያለሁ ብዬ አምን ነበር።

ጋሽ ታፈሰ ካረፉ በኋላ በቤቴ አንዷን ክፍል የመቅጃ ክፍል አደረግኳት። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር፣ የሰርግ ዘፈን፣ የገበያ ማስታወቂያ፣ የመጣውን ሁሉ እቀዳለሁ።

አዲሱ ማይክ የመጣልኝ ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ቲዩብ ኮንደንሰር ይባላል። በሆዱ ውስጥ ጣት የምታህል የብርጭቆ አምፖል አለችው፤ ቲዩብ የምንለው እሷን ነው። ድምፅ በእሷ በኩል ሲያልፍ ይወፍራል፣ ይለሰልሳል። የራሱ የኃይል ሳጥን አለው። ሳጥኑ ላይ ደግሞ ማይኩ በየት በኩል እንዲሰማ የሚመረጥበት ማዞሪያ አለ፦ ከፊት ብቻ፣ ከፊትና ከኋላ፣ ወይም ከዙሪያው ሁሉ።

እንደ ተራው ማይክ ሰክተው ወዲያው አይዘፍኑበትም። ቲዩቧ እስክትግል ግማሽ ሰዓት ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። በመንዝ ብርድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከውጭ ገብቶ ወዲያው ከማኅደሩ ከወጣ እንደ መነጽር ያልበዋል፣ ሲያልበውም ይንጫጫል። ስለዚህ ከነማኅደሩ ቤት ውስጥ ሸፍኜ አቆየዋለሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ "እኔን እንዲህ ብርድ ልብስ አልብሰኸኝ ታውቃለህ?" ትላለች።

መጀመሪያ የከፈትኩት ዘፋኝ ሳይኖር ነው። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ቤቱ ጸጥ ያለ መስሎኝ ነበር። ጥሩወርቅ ጓዳ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች፤ እንዝርቱ ሲሾር ሰማሁት። ክሩ ሊበጠስ ሲል ትንፋሿን ስትይዝ ሰማኋት። ከግድግዳው ማዶ በጎቹ ያመሰኳሉ። ይህን ሁሉ ዘመን የድምፅ እንጀራ በልቼ የገዛ ቤቴን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ፈራሁ። ሳያስበው ከነጫማው ቤተ መቅደስ የገባ ሰው የሚፈራው ዓይነት ፍርሃት ነው።

ከዚያ በኋላ ማይኩን እየፈራሁት ተማርኩት። ከአፍ አንድ ክንድ ያህል አርቀው፤ ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው ትንሽ ከፍ አድርገህ ወደ ታች አዘንብለው። የድምፁን መጠን ዝቅ አድርገህ ጀምር፣ ሰው ሞቅ ሲለው ይጮኻልና። ባዶ ግድግዳ ድምፁን መልሶ ስለሚወረውር ባና ስቀልበት። ባና የምንለው ከበግ ሱፍ የሚሠራውን የአገራችንን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ያን የመሰለ ድምፅ አፋኝ አዲስ አበባም የለም።

አንድ የገበያ ቀን እማማ የሻረግ መጡ። እሳቸውን የማያውቅ በአካባቢያችን የለም። ሙሾ አውራጅ ናቸው። ለቅሶ ቤት ግጥሙን እሳቸው ያወርዳሉ፣ ለቀስተኛው ይቀበላል። የደረቀ ዓይን እንኳ እሳቸው ፊት አይደርቅም።

ልጃቸው ጌትነት የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ቆላ ወርዶ መኪናው ተገልብጦበት ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። መርዶው የተነገራቸው ቀን እማማ የሻረግ አንድ ስንኝ ማውጣት አቃታቸው። ሌላም በእሳቸው ፊት ደፍሮ የሚያወርድ አልተገኘም። ልጁ ሙሾ ሳይወርድለት ቀረ።

"ልጄ፣ ይህ ማሽንህ ድምፅ ያስቀምጣል አሉ" አሉኝ።

"ያስቀምጣል፣ እማማ።"

ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አንገታቸውን አሳዩኝ። እንቅርታቸው አብጦ ጉሮሯቸውን ገፍቶታል። "በሚመጣው ሳምንት ሊያወጡት ነው። ሐኪሙ ድምፅዎ ላይመለስ ይችላል አለኝ። የጌትነቴ ሙት ዓመት ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው። ቢላዋው ሳይቀድመኝ ላውርድለትና በቀኑ በሞንታርቦህ ታሰማልኛለህ።"

"እሺ፣ እዚሁ እንቀዳዋለን" ስል ጥሩወርቅ ከጓዳ ብቅ አለች። "ሙት በሌለበት ቤት ሙሾ አይወረድም" አለች።

"እውነቷን ነው፣ ሟርት ነው" አሉ እማማ። "ሐዘኑ ያለው እኔ ቤት ነው። እኔ ቤት ና።"

"እንግዲያው መጀመሪያ ለሙከራ ጥቂት ይሉልኛል፣ ከዚያ ዋናውን..."

"ሙሾ ሙከራ የለውም ልጄ። አንድ ሰው ሁለቴ አይሞትም።"

እንግዲህ የምቀዳው አንዴ ብቻ ነው። ብሳሳት እሳቸው ሌላ ድምፅ የላቸውም፣ ልጁም ሌላ ሙሾ የለውም።

ቤታቸው የድንጋይ ቤት ነው። ጎረቤቶቻቸው ባናቸውን ይዘው መጡልኝ፤ ግድግዳውን ዙሪያውን ሸፈንኩት። ውሻውን አርቀው አሰሩልኝ፣ ዶሮዎቹን አስወጡልኝ። በመጨረሻ ጎረቤቶቹንም አስወጣሁ። "እንዳትተነፍሱ፣ ከገብሱ ማሳ ማዶ ሁኑ" አልኳቸው። ማዞሪያውን ከፊት ብቻ ላይ አደረግኩ። ማይኩ ከእማማ የሻረግ በቀር ማንንም እንዳይሰማ ነው የፈለግኩት። ድምፃቸውን ለመለካት የሰርግ ዘፈን አሉልኝ፤ የሰርግ ዘፈን ሟርት የለበትም። ሥራዬን አየሁና እኔ ራሴ ደስ አለኝ፣ ጋሽ ታፈሰ በኖሩና ባዩ ብዬ።

እማማ የጌትነትን ጃኬት በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ጀመሩ።

"ጭነህ የሄድክበት መንገዱ ምንድነው፣
መሄጃ አለው እንጂ መመለሻ የለው።"

በማዳመጫው የሰማሁት ድምፅ ጸጉሬን አቆመው። ቃሉ ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ ሲነሳ፣ እንቅርቱ ጋ ደርሶ ሲሻክር፣ አልፎት ሲወጣ ይሰማል። እንዲህ የጠራ ነገር ቀድቼ አላውቅም።

ከዚያ ዝም አሉ። እንዲቀጥሉ ጠበቅኩ። እሳቸውም ይጠብቃሉ። ባናው የቤቱን ድምፅ ሁሉ ውጦት ምንም የለም። ጃኬቱን ዝቅ አደረጉና ተቀመጡ።

"ምነው እማማ? አመመዎት?"

"ተቀባይ የለኝም" አሉ። "ለግድግዳ ነው የማወርደው?"

ስንት ለቅሶ ቤት ቆሜ ሙሾ የተቀበልኩ የመንዝ ሰው፣ አንድ ማይክ ቢመጣልኝ ሙሾ ተቀባይ እንዳለው ረሳሁት። "እማማ፣ አንዴ ብቻ ነው ብለውኛል። እንግዲህ አለቀ?" አልኳቸው።

"ካልተቀበሉት አልተጀመረም" አሉኝ።

ወጥቼ ጎረቤቶቹን ተጣራሁ። ማሳውን ዞረው መጡ፤ ወንዱም ሴቱም፣ ጭቃ የረገጠም ሳይጠርግ። ባናውን ከግድግዳው አወረድኩት። ማይኩን ከጥግ አውጥቼ መሐል ቤት ተከልኩት፣ ማዞሪያውን ከዙሪያው ሁሉ ወደሚለው አዞርኩት። እማማን አቀረብኳቸው፣ ሌላውን በግድግዳው ዳር አቆምኩ። መጠኑንም ከቅድሙ በጣም ዝቅ አደረግኩት።

"ለሰው ልጅ ስገጥም ቃሌ እንደ ወንዝ ውሃ፣
ቀን ሲደርስ ለልጄ ሆነብኝ በረሃ።"

ቤቱ በአንድ ድምፅ ተቀበላቸው። ድንጋዩ ራሱ የተቀበለ መሰለኝ። እማማ ያን ጊዜ ቀና አሉ፤ ቅድም ጠርቷል ያልኩት ድምፅ ለካ ግማሹ ነበር። እሳቸው ሲያወርዱ ሰዉ ሲቀበል፣ ደረት ሲመታ፣ አንዷ ስቅ ስትል፣ ሁሉም በየቦታው፣ በየርቀቱ ጆሮዬ ውስጥ ቆመ። ሰው ከሐዘን የሚሠራው ነገር እንዲህ ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ማዳመጫውን እንዳደረግኩ እኔም እየተቀበልኩ አለቀስኩ። የኔም ድምፅ ገብቷል፤ ትንሽ ይሰባበራል፣ ከቅጂው ግን አላወጣሁትም።

ሲጨርሱ ማዳመጫውን አደረግኩላቸው። "ድምፅዎ እንዴት ነው?" አልኳቸው። የራሳቸውን ድምፅ አልሰሙትም መሰለኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው የሌላውን ይለያሉ። "ይህች አስካለ ናት። ይህ አበራ ነው፤ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም።" ቆይተው "ጌትነቴ ሰው ነበረው" አሉ።

እንቅርቱ ወጣላቸው። ሐኪሙ እንደፈራው ድምፃቸው አልተመለሰም፤ አሁን በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት።

በሙት ዓመቱ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ሞንታርቦውን ተከልኩና ከፈትኩት። የእማማ ድምፅ ወጣ፣ ከውስጡ ጎረቤቶቹ ተቀበሉ፣ ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሥቶ በላዩ ተቀበለ። እማማን በዓይኔ ፈለግኳቸው። ሁልጊዜ ከሚቆሙበት መሐል ላይ የሉም። ዕድሜ ልካቸውን ለሌላው ሲያወርዱ የኖሩ ሴት፣ ከሴቶቹ መሐል እንደ ማንኛዋም ልጅ የሞተባት እናት ተቀምጠው ደረታቸውን ይመታሉ። ሙሾውን የሚያወርድላቸው ሰው አግኝተው ነበር። ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ከተቀባዮቹ ጋር ይቀበላል።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። ማይክ ከመትከላችሁ በፊት ሰውየው ሥራውን ብቻውን ይሠራው እንደሆነ ጠይቁ። ብቻውን የማይሠራው ከሆነ ብቻውን አትቅዱት።