ማርታ የጠየቀችኝ

ባለፈው ሳምንት ከሲቀላ ወደ ሴቻ በባጃጅ ስሄድ፣ በሬዲዮ ስለ ውርጃ ሕግ ይከራከሩ ነበር። ይጥበቅ የሚሉ አሉ፤ ባለበት ይቆይ የሚሉም። የአንዷ ወጣት አነጋገር የድሮውን የራሴን መሰለኝና ሳልደርስ ወረድኩ።

የወንጀል ሕጉ ሊሻሻል ነው በተባለበት ጊዜ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ውርጃ በአንዳንድ ምክንያት እንዲፈቀድ ሐሳብ ቀርቦ ስለነበር፣ እኛ የምንቃወመው ወጣቶች ፊርማ ማሰባሰብ ጀመርን። መናገር ትችላለች ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምናለሁ። አብራኝ ቤት የተከራየችው የገረሴዋ ማርታ ወረቀቱን ይዛ ትከተለኛለች። ቁጥብ ልጅ ነበረች።

ቆላው ላንቴ ገበሬዎቹ ማንጎ እየጋበዙን ፈረሙልን። ከዚያ በሚያዝያ ዝናብ መኪናውን ከጭቃ እየገፋን ወደ ደጋው ገረሴ ወጣን። የማርታ እናት እማማ አየለች ትኩስ ድንች በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ አበሉን። ገበያው መሀል ቆሜ፣ "ይህን የምታደርግ ሴት ነፍሰ ገዳይ ናት" አልኩ። ሰው አጨበጨበ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ማርታ፣ "አንዷ ጨንቋት ብታደርገውስ?" አለችኝ።

"ጭንቀት ምክንያት አይሆንም" አልኳት።

"እሺ" ብላ በመስኮት ማየት ጀመረች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከክፍል ስመለስ አልጋዋ ላይ ተኮራምታ አገኘኋት። ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጃል፤ ፍራሹ በደም ርሷል። በድብቅ የምታስወርድ ሴት ዘንድ ሄዳ ኖሯል። መኪና ለምኜ ሐኪም ቤት አደረስኳት።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ላንቺ?" አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ከልቧ ገርሟት ነው።

በማግስቱ አረፈች። እማማ አየለች ሲመጡ ወባ ነው አልኳቸው። ቆላ ወርዶ በወባ የሞተ ልጅ በአገራቸው ብዙ ነውና አመኑኝ።

ሕጉ በኋላ ተሻሻለ። ለማርታ ይደርስላት እንደነበር አላውቅም፤ እኔን የፈራች ሐኪሙን አትፈራም ብዬ ልናገር አልችልም። ፊርማውን ተውኩ፤ ለሌላው ወገን ለመቆምም አፍ አጣሁ።

እማማ አየለች አሁን አርጅተዋል። ለገበያ ሲወርዱ እኔ ቤት ያርፋሉ፤ "ልጄ" ይሉኛል። ስንት ጊዜ ልነግራቸው ተነስቼ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። በመጡ ቁጥር ገና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ወደ መኝታዬ ይገቡና አጎበሬን በጣታቸው እየዳበሱ ቀዳዳ ይፈልጋሉ።